የግንቡ ራስ

ካኪ ነው የዛፉ ስም፤
ጨርቅ አይደለም፣ የደብዳቤ ፖስታም አይደለም፣
በጃፓኖች አፍ ፍሬ ነው።
ይኼኛው ዝርያ ግን ለዓይን እንጂ ለሆድ አይሆንም፤
የነከሰው ሰው ምላሱ ይታሰራል፣
ኮሶ እንደጠጣ ፊቱ ይጨማደዳል።
«የአሮጌ ቁራ ካኪ» ነው ሙሉ ስሙ፤
ቅርፊቱ ስለጠቆረ ይሁን፣ ሌላ ወፍ ስለማይደፍረው፣
ጠፍቷል ትርጉሙ።

ከወንዙ ማዶ፣ ከኦካዛኪ ጠባብ ሰፈር፣
ኪኑዌ ያሳደገቻት አንዲት እንስት ነበረች፣ ቁመቷ ሁለት ስንዝር።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሰማያዊ ሳህን አፈር፣
በሽቦ ጠምዝዛ አጎነበሰቻት፣
ሽቦውን ፈትታ አቀናቻት፣
በየሦስት ዓመቱ ነቅላ
ሥሯን እንደ ልጅ ጥፍር ከረከመቻት።
ዛፏም ሳትከፋ፣
ኅዳር ሲገባ ቅጠሏን አራግፋ፣
ዐሥራ አራት፣ አንዳንዴም ዐሥራ ስምንት ብርቱካናማ ፍሬ
በቀጭን ክር አንጠልጥላ
እርቃኗን ትቆም ነበር፣ ውርጭ እስኪነካት።

እንስት ካኪ ብቻዋን አታፈራም፤ ወንድ ያሻታል።
ወንዱ ግን ፍሬ የለው፣ ወግ የለው፣
ለዕይታ ማን ያወጣዋል?
«የዚችስ ባል የት ነው ያለው?» ትል ነበር ለሴይጂሮ፣ ለባሏ፤
«ንብ መንገድ አይጠፋትም» ይላታል፣
ሻዩን እፍ እፍ ብሎ፣ ቀና ሳይል ወደ እሷ።

ከግንቡ ወዲያ ሐታኖ ነበር፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው።
አሸንዳ ነው ያጣላቸው፤
የአንዱ ጣሪያ ውሃ በሌላው ግቢ ለምን ፈሰሰ ነው።
ዐሥራ ሰባት ዓመት።
ቆሻሻ በሚወጣበት ቀን እንኳ
አንዱ ብቅ ሲል ሌላው በሩን ይዘጋል።
«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እነሱም ዘንድ ይነገራል፤
ተረት ግን ግንብ አይዘልም።

ሴይጂሮ በጥር ሞተ። ሐታኖ ለቅሶ አልደረሰም።
ኪኑዌ ኩርፊያውን ከሹራቦቹ ጋር ወረሰች፤
ሹራቦቹን ሰጠች፣
ኩርፊያውን አስቀረች።

በሦስተኛው ዓመት ሐታኖም ተከተለ፤
ልጁ ከናጎያ መጥቶ ቤቱን ሸጠ፣
የግቢውን ሸክላ ሁሉ በጭነት መኪና ወስዶ ጣለ።
በዚያ ሚያዝያ እንስቷ አበበች፤
ንቦቹ መጡ፣ ባዶ እጃቸውን።
ሽምብራ የሚያክሉ ሦስት ጮርቆች
ሰኔን አልተሻገሩም።
አፈሩን ከሰሰች፣ ውሃውን ከሰሰች፣
ማዳበሪያ የሸጠላትን ልጅ ከሰሰች፣
በመጨረሻም የገዛ እጇን ገልብጣ አየች።

ታኅሣሥ ላይ፣ የሚፈርሰው ቤት አቧራ ቢያስቸግራት፣
መጥረጊያ ይዛ በርጩማ ላይ ወጣች፣
የግንቡን ራስ ልትጠርግ።
ክብ።
የድንጋይ ሽበት ዙሪያውን የከበበው፣
መሐሉ ንጹሕ፣
በሸክላ ቂጥ ልክ።
በየሚያዝያው አንድ ሰው አንድ ዛፍ ተሸክሞ
እዚህ አውጥቶታል፣ ወደ እሷ ወገን አስጠግቶ፤
አበባው እስኪረግፍ ጠብቆ
አውርዶታል፣ ማንም ሳያየው፣ በሌሊት ተነሥቶ።
ሁለት ሰዎች ከታች ሲኳረፉ
ዛፎቻቸው ከላይ ይጠያየቁ ኖረዋል።

«አንተ ሰውዬ!» አለች፣ ከበርጩማው ሳትወርድ።
ለማን እንዳለችው እንጃ፤
ለሐታኖ ይሁን፣
ወይስ ሻዩን እፍ ይል ለነበረው።

ያን ማታ፣ በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ ባትሪ ይዛ
የቢጫውን ገመድ ተሻግራ ገባች።
ከፍርስራሹ ጥግ፣ ከግንቡ ሥር፣
ሸክላውን ሰርስሮ መሬት የገባ
እርሳስ የሚያክል ጥቁር ሥር አገኘች፤
ቆርጣ በእርጎ ኩባያ ተከለች።

ሚያዝያ ላይ አንዲት አረንጓዴ ጫፍ ወጣች።
ወንድ ትሁን፣ የሌላ ዛፍ ሥር ትሁን፣
ሳታብብ አይታወቅም፤
ለማበብ ደግሞ አራት ዓመት፣ አምስትም።
ኪኑዌ ኩባያዋን ግንቡ ላይ፣ ከክቡ መሐል አስቀመጠቻት።
ትንሽ ናት።
ክቡን አትሞላም።