ካልሲ

ጎህ ሲቀድ፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ መሬት ሳልረግጥ ገና፣
ከጠባቡ ካልሲ ጋር ትግል፤ ተረከዜ እምቢ ይላልና።
"ሳትቆሚ" ብላኛለች ሲስተር ኢፍቱ፣
"ደም ሳይወርድ፣ እግርሽ ሳያብጥ በጠዋቱ።"

ዘምዘም በአጥሩ ቀዳዳ አይታኝ ትስቃለች፦
"በድሬ ሙቀት? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ" ትላለች።
እኔም እስቃለሁ። ላቤ ቁልቁል ይነጉዳል፤
መውረዱ ለሁሉ ይቀናል፣ መውጣቱ ግን ይከብዳል።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ የደም ሥሬን ስሎ
ትንንሽ በሮች አሳየኝ፤ "የረጋው ደም አበላሻቸው" ብሎ።
የረጋው ሟሟ። በሮቹ ግን አልዳኑም፤
ሽቅብ የወጣ ደም ሲመለስ "ወዴት?" አይሉትም።

እንደ ደቻቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ፍየል ይሻገረዋል፤
ደጋ የዘነበው ዝናብ በአንድ ሌሊት ይጠራርገዋል።
በማግስቱ ጎርፉ የለም።
ዳርቻው ግን እንደ ትናንቱ አይደለም።

ማታ ስገፈው፣ ቁርጭምጭሚቴ ዙሪያውን ጠቁሯል፤
ካውያ የተረሳበት ጨርቅ ይመስላል።
ያሳክከኛል፤ አላከውም፤ ቅባት ብቻ።
እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስተኛ፣ ሻሚል ገብቶ፣
"ጣሪያውን ልትረግጪ ነው?" ይለኛል፣ ትራስ አምጥቶ።

ቀፊራ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ባለ ሞተር ገዛ፤
የኔ ሲንጀር ዛሬም በእግር ነው፤ አሮጌ፣ በዘይት የወዛ።
አልሸጠውም። በያንዳንዷ እርግጫ
ለልቤ አንድ ማንኪያ ደም እልካለሁ፤ ከታች፣ ከመርገጫ።
መብራት ሲጠፋ መስመሩ ሁሉ ዝም ይላል፤
የኔ እግር ብቻ ይሰማል።