ምንም

በዌልስ ሸለቆ፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ከከሰሉ ክምር ኋላ፣ በቆርቆሮ ቤት፣
አንድ የመስታወት ገንቦ ቆሟል ባዶ መስሎ፣
የጉድጓዱን ትንፋሽ በሆዱ ጠቅልሎ።
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤
አንዲት ብልጭታ ነው የሚጠብቀው።

ኢድዋል ፕሮሰር ሁለት ሽቦ ያነካካል፤
እኔ መዝገብ ይዤ እጽፋለሁ፣ እሱ ይቆጥራል።

ወንድሙ ኤምሊን፣ ገና አሥራ አራት ዓመቱ፣
በደወል ፉርጎ ማስጎተት ነበረ ሹመቱ፤
ሁለት ራቁት ሽቦ ሲያገናኝ በጣቱ፣
ላይ ቤት ደወል ይጮሃል፣ "ጎትት" ነው ማለቱ።
ያን ቀን ደወሉም ጮኸ፣ ጉድጓዱም መለሰ፤
እናቱ እራቱን ከምድጃ ሳታነሣ ሳምንት ደረሰ።

"ሣጥኑን አወፍሩት" አሉ፣ "በብረት ቅበሩት፣
እሳቱ ቢነሣም ውስጡ ይሙት፣ ዝጉበት።"
ኢድዋል ግን "በረት የገባ ጅብ ያው ጅብ ነው" አለና
ለብልጭታው ቀለብ ይቆርጥ ጀመር በጥሞና፤
እንዲናገር እንጂ እንዳይጠግብ አስልቶ፣
የባትሪውን ጉሮሮ በቀጭን ሽቦ አጥብቶ።

የደወሉ መጠምጠሚያ ግን ቂመኛ ነው፤
ሲነኩት ዝም ብሎ፣ ሲለቁት ነው የሚናከሰው።
ለቂሙም በጎኑ ማፍሰሻ ቀደደለት፣
እዚያው ዞሮ ዞሮ እንዲሞትበት።

"ይበላሻል ብለህ ጀምር" ይለኛል። "ሽቦው ይበጠሳል፣
አይጥ ይበላዋል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ልጅ ይሳሳታል።
ያኔም አይንደድ።"

ነካ፣ ለቀቀ። "ምንም" ብዬ ጻፍሁ።
ነካ፣ ለቀቀ። "ምንም" ብዬ ጻፍሁ።
በስምንት መቶ ሦስተኛው ገንቦው ጮኸ፣ ክዳኑ በረረ፤
ኢድዋል ቅንድቡ ተለብልቦ፣ እየሳቀ፣ ሽቦ ጨመረ።
እንደገና ከአንድ።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ቤይነን አንድ ቀን መጥተው፣
"ዝንብ ነው እንዴ?" አሉ፣ ጆሯቸውን ለደወሉ አስጠግተው።
"ዝንብ ነው" አለ ኢድዋል። "ዝንብ ቤት አያቃጥልም።"
እሳቸው አልሳቁም።

ገጹ አልቆ ሌላ ገጽ፣ መዝገቡ አልቆ ሌላ፤
እጄ ሌላ ቃል የረሳ እስኪመስል ኋላ፦
ምንም። ምንም። ምንም።
ሰው ለጻፈው ቃል እንዲህ ሲጸልይ አላየሁም።

ማታ ጫማውን ሲፈታ፣ ከሰሉን ሲያራግፍ፣
አሮጊቷ እናቱ ቆማ ከበሩ ደፍ፣
"ዛሬስ?" ትለዋለች።
"ምንም።"
ትኩስ እራቱን ከምድጃው ታነሣለች።