የጀልባው ጡሩምባ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ የቺሎኤ ጀልባ ጡሩምባው ሲያጓራ፣
አንዲት ነጭ ፍሬ እውጣለሁ፣ ከቀዘቀዘው ሻዬ ጋራ።
ሰባት ሳምንቷ ነው አይሌን፤
ጡት ይዛ ተኝታለች፣ ጨብጣ ጣቴን።

አዋላጇ ኤድልያ፣ ከካፖርቷ ዝናቡ እየተንጠባጠበ፣
«ይኸኛው ያራስ ነው» አለችኝ፤ «ወተት አይነካም።
ግን ሰዓት ይወዳል፤
ሦስት ሰዓት ካሳለፍሽው፣ ውሉ ይላላል።»

አማቴ ከምድጃው ጥግ፣ ድንች እየላጠች፣
ቀና ሳትል ሰማች።
«ይነጥፋል» አለች፣ ለድንቹ።
ዘጠኝ ወልዳለች፤ ሦስቱ ከኮረብታው ናቸው፣
ከሰማያዊው አጥር ውስጥ፣ ነፋስ በሚያፏጭባቸው።

ወተቴስ አልነጠፈም፤ ሸሚዜ ምስክሬ፣
ሦስቴ ቀይሬው፣ ሦስቴ ረጠበ ዛሬ።

ኤራልዶ ከሳልሞን እርባታው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፤
ቦቲው በር ላይ ይቀራል፣ ሽታው ግን ይገባል።
የክኒኑን እሽግ ገልብጦ ገልብጦ አየና፣
«ሌላ አንፈልግም?» አለ፣ ድምፁ ሳይወጣ ገና።
«ይቺን አይቼ ልጨርስ» አልኩት።
ሳቀ። ቅንድቧን በአውራ ጣቱ ዳበሰላት።

ትናንት ጭጋግ ወርዶ ባሕሩን ዋጠው፤
ጀልባ የለ፣ ጡሩምባ የለ።
ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ፣ እኔም ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ፣
እርጥብ እጅ ትከሻዬን ነካኝ፤
የድንች አፈር ያለበት።
ክኒኗ በሻይ ማንኪያ፣ ውሃው በብርጭቆ።
«ዛሬ አይጮህም» አለች አማቴ። «ሁለት ሰዓት ሞልቷል።»

ዋጥኩት።
እሷ ግን ሳታየኝ ዞራ
ወደ ድንቿ ሄደች።
«እኔንስ ማን ቀሰቀሰኝ?» ያለች መሰለኝ፤
ወይ ቢላዋው ነው።