ልብ ያለችው

ሐምሌ ውርጭ ነው እኛ ጋ፤ የታኳሬምቦ ሜዳ
ነጭ ለብሶ ያድራል፣ እስኪረፋፍድ ማለዳ።
ኤላዲዮን አመጡት በሱፍ ጭነት መኪና፤
ባዝራ ረግጣዋለች፣ ያልተገራች ገና።
ሰኮናዋ ታትሟል ከደረቱ መሐል፣
ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቀልቷል፤ ዙሪያው ጠቁሯል።

ተረኛ ነበርኩኝ። ራጅ አስነሣሁት፤
የጎድን አጥንቱን አንድ ባንድ ቆጠርሁት፤
ስብራት የለውም። የልቡም ትርታ
በወረቀት ሲታይ የለውም ሁካታ።
"ሂድ" አልኩት፣ "እረፍ፤ ማስታገሻህን ዋጥ።"
ማዳመጫው አንገቴ ላይ፣ ለጌጥ፤ ሳላደምጥ።
(ለወጉ አስነክቼዋለሁ። ኮሪደሩ ይጮኻል፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው፤ ሰው ተራ ይጠብቃል።)

ባሥራ አንደኛው ቀን ሚስቱ ኔሊዳ
ይዛው ገባች፣ እየጎተተች፣ እንደ ባለ ዕዳ፦
"ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ እሺታ አያውቅም፤
ሃያ ስድስት ዓመት 'አይሆንም፣ አይሆንም!'
ሰሞኑን ግን አንገቱ እሺ ይላል ሳይጠየቅ፤
ማቴውን ሲጠጣ፣ ዝም ሲል፣ ሲጨነቅ።
'ላሚቱን እንሽጥ ወይ?' ብለው ትናንትና፣
አፉ 'እኔ በቁሜ!' ራሱ ግን 'ይሁና'።
ቁጭ ብሎ ነው የሚያድር፤ ሲጋደም ያፍነዋል።
ምን ብትሰጡት ነው? ሰውዬው ተለውጧል።"

አስታማሚው ሳቀ። እኔን ግን ጨነቀኝ፤
ከድሮ ደብተሬ አንድ መስመር ነቀነቀኝ።
ጣቱን ጫን አልኩና ጥፍሩን አየሁት፤
በየምቱ ሲቀላ፣ ሲነጣ አገኘሁት።
"ጎንበስ በል ወደ ፊት፤ ተንፍስ፤ ያዝ" አልኩና
አደመጥሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደገና፣ እንደገና፦
ከሁለተኛው ምት ኋላ፣ ፉ...ሽ፣ እየሳሳ ሚሄድ፣
ባልገጠመ መዝጊያ ነፋስ ሲያበጅ መንገድ።

ደም በወጣበት በር ዞሮ ይገባል።
ከሦስቱ ክዳኖች አንዱ ተተርትሯል፤
አልትራሳውንዱ ላይ ይውለበለባል፣ እንደ እራፊ ጨርቅ።
ርግጫው የደረሰ በሩ ሲዘጋ ነው፤ ልክ ሲል ጥርቅ።

የልቡን መስመር በእጄ ይዤ፣ ልብ አላልኩም፤
ልብ ያለችው እሷ ናት፤ ሐኪም አይደለችም።

ሞንቴቪዴዮ ላክነው፤ ክዳኑ ተለወጠ።
በጥቅምት ሲመጣ፣ አንገቱ ረግቶ ከፊቴ ተቀመጠ።
"ሌሊት" ትላለች እሷ፣ "ደረቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፤
ሰዓት የዋጠ ይመስላል። ግን ያስተኛኛል።"
"ላሚቱስ?" አልኳት። ባሏን ገልመጥ አድርጋው፦
"በረት ናት። አሁን እሺ የሚለኝ በአፉ ነው።"

"አይሆንም" አለ እሱ፣
ራሱ ሳይነቃነቅ።