አርባ ነፍስ፣ አንድ ጉድጓድ

ዱሉት ላይ ጥር ሲገባ ሐይቁ እንደ ብረት ይጠጥራል፤
በማርሊስ እናት ምድር ቤት ግን አሮጌው ማሞቂያ ያጓራል።
ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ እግሩ በተወላገደ ጠረጴዛ፣
ዓርብ ዓርብ እንሰየማለን፤
ሎዌል ከወደብ ሥራው ሲወጣ፣ በብብቱ ይዞ ፒዛ።

ማርሊስ ቀን ገንዘብ ተቀባይ፣ ማታ ባለ ሰይፍ ጀግና፤
ቨርን አስሙ እያፏጨ፣ እሳት የሚተፋ ጠንቋይ ይሆንና፤
እኔ ተራኪው ነኝ፣ ዓለሙን በእርሳስ የምሠራ፣
ያሻኝን ተራራ ተክዬ፣ ያሻኝን ጭራቅ የምጠራ።

ያን ዓርብ ግን ቸኩዬ ነበር። ደብተሬ ጥግ ላይ ጻፍኩ፦
«መንደር። ድሃ። አርባ ነፍስ። አንድ ጉድጓድ።» አለፍኩ።

ሎዌል ጠጠሩን ወረወረ፤ ባለ ሃያ ገጹ ተንከባለለ፣
ከጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ከማሞቂያው ሥር ዘለለ።
ልንፈልገው ጎንበስ ስንል ሲሚንቶው ጭቃ ሆነ፤
ቀና ስንል ጣሪያው የለም፤
ሁለት ጨረቃ ያዘለ ሰማይ በላያችን ተከደነ።

መጀመሪያ ሳቅን።
ማርሊስ ወገቧን ዳበሰች፣ እውነተኛ ሰይፍ አገኘች፣
በሁለት እጇ ስባ ስባ ከአፎቱ ግማሹን አወጣች፤
«ይሄ'ኮ ይከብዳል!» አለች፤ እንዳታለላት ሰው አየችኝ።
ቨርን እጁን ዘረጋና «እሳት!» ሲል በዚያ ጫካ፣
የወጣው ሳል ብቻ ነው፤ የሚስበው መድኃኒት ቤት ቀርቷል ለካ።
ሎዌል ጠጠሩን ከጭቃ አንስቶ ደጋግሞ ጣለ፤
ሃያ ወጣ። ሃያ ወጣ። ሰማዩ ግን ዝም አለ።

ከዚያ መንደሩ ታየን። ከዓይኔ በፊት እጄ አወቀው።
«ድሃ» ብዬ የለ? ጣሪያውን ሁሉ ብል እንደ በላው ጨርቅ በሳሳው፤
የልጆቹ ጉልበት ከጭናቸው ይወፍራል።
አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተኝቶ ያጣጥራል፤
«ስንት ክረምት ሆነህ?» ስንለው በጣቱ ቆጥሮ ይደክመዋል።
ከጎኑ ነፍሰ ጡር ምራቱ፤ ምጧ መጥቶ ይመለሳል፣
መጥቶ ይመለሳል።

ያኔ ገባኝ።
አርባ ብያለሁ፤ ለአርባ አንደኛው ቦታ የለው።
አርባ ብያለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝም ክልክል ነው።
ጉድጓዱም አንድ ነው፤ ውሃ አለው አላልኩማ፤
ገመዱ ደርቆ ተንጠልጥሏል፣ ባልዲው የሸረሪት ከተማ።

ነፍሰ ጡሯ ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን እርሳስ አየች።
አየችና፣ ቀስ ብላ፣ «ስሜን ታውቀዋለህ?» አለች።
አላውቀውም። ከየት ላውቀው? አልሰጠኋትም።
ለዘንዶው ሦስት ስም አውጥቻለሁ፤ ለሷ አንድ አላወጣሁላትም።

ማርሊስ ሰይፏን ጥላ «ጻፍ!» አለችኝ። በየቱ ወረቀት?
ሎዌል የፒዛውን ካርቶን ቀደደልኝ፣ ገና ወዙ ያልደረቀበት።
እርሳሴ አውራ ጣት ታህላለች። «ውሃ» ስል ገመዱ ረጠበ፤
ማርሊስ መዳፏ እስኪላጥ ስትስብ ሕፃን አዋቂው ከበበ።
ስም ጻፍኩ፤ የሷን፣ የባሏን፣ የዚያን አንድ ዓይና፣ የመንትዮቹን፤
በመጨረሻም ሰረዝኩት «አርባ» የሚለውን።

በዚያች ሌሊት ሽማግሌው ሞተ፤ በዚያችው ልጅ ተወለደ፤
ልቅሶና እልልታው ተቃቅፎ በአንድ ጣሪያ ቀዳዳ ነጎደ።

የኛን መመለሻ ስጽፍ እርሳሱ ግማሽ ቃል ላይ አለቀ።
ግማሽ ቃል ግማሽ ሰው ነው የሚመልሰው፤
ሌላው እዚያው ጭቃ ውስጥ ተጣበቀ።

ማርሊስ ገንዘብ ስትመልስ እንኳ መዳፏን ለሰው አታሳይም።
ለእናቷም አልነገረችም። እኔም አልነገርኩም።
ቨርን ጥንቆላውን ትቶ «ጉድጓድ ቆፋሪ ልሁን» አለ፤
ሎዌል ብቻ ያጉረመርማል፦ «ሰዓቱ ሄደ፤ ጭራቁ የታለ?»

«ቆይ» እለዋለሁ፣ እርሳሴን እየቀረጽኩ፤
«ይቺ ከጉድጓዱ አፍ የተቀመጠችው ልጅ፣
ጫማ የሌላት...
ማን እንበላት?»