ረቂቅ

ሌሊቱ ተጋምሷል፣ ደብሊን ይዘንባል፣
በሁለተኛው ፎቅ መብራት ገና በርቷል፤
ውኃ በጆግ ይዤ ከጥግ እቆማለሁ፣
ሲጎድል እቀዳለሁ፣ ሲሟገቱ እሰማለሁ።

በጠረጴዛው ላይ የተኛው ወረቀት
ረቂቅ ይባላል፣ አዋጅ ሳይሆን በፊት፤
ሊገዛ ያሰበው እሱም ረቂቅ ነው፣
እጅ የማይጨብጠው፣ ዓይን የማያየው፤
ረቂቅ ለረቂቅ፤ እንዲህ ነው ነገሩ፣
ጭስን በወረቀት ሊያስሩ ሲሞክሩ።

አምስት ደጅ አለበት ሕግ እስኪሆን ድረስ፣
አንዱ ሲከፈት ሌላው የሚመለስ፤
ይነበባል አንዴ፣ ይነበባል ደግሞ፣
ከዚህ ኮሚቴ ቤት ይከርማል ታሞ፤
ከዳነ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ያልፋል፣
ኋላም የርእሰ ብሔር ብዕር ይጠብቃል።

ደርቭላ ናት ያረቀቀችው፤ ዓይኗ ቀልቷል፣
የእርሳሷ ጫፍ በጥርሷ ተበልቷል፤
አንቀጽ አራት ላይ ያሰፈረችው ቃል
“መንግሥት ጭሱን መቀነስ አለበት” ይላል።
“አለበት ይከብዳል” አለ አንድ ባለ ክራቫት፣
“ይችላል ብንለው ምን ይጎድልበት?”
ለዚህች ግሥ ነው እንግዲህ፣ አራት ሰዓት ሙሉ
ዐሥራ አራት ሰዎች ሲጥሉ ሲያነሡ የዋሉ።

በእንግሊዝኛ ነው ሙግቱ፤ እኔ ግን በሆዴ
ባማርኛ እፈታዋለሁ፣ እንዳመሌ እንደ ልማዴ፤
አለበት ማለት ዕዳ ነው፤ የተበደረ አለበት፤
ይችላል ግን ትዕግሥት ነው፤ ጭነት የበዛበት
በቅሎ ይችላል፣ መሬት ይችላል፣
ባሕርም ይችላል፣
አንድ ቀን እስኪበቃው።

ለምስክርነት የጠሩት አንድ ሽማግሌ ነበር፣
ፊንታን የሚሉት፣ ከመሀል አገር፤
ረግረጉን በስለት እንደ ጡብ እየቀደደ፣
አድርቆ፣ ከምሮ፣ በክረምት እያነደደ
ሰባ ዓመት የኖረ። “ሊቃወመን ነው” ተባብለው ተጠቃቀሱ።
እሱ ግን ከኮቱ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
አንድ ጥቁር ጡብ አወጣ፤
ከብርጭቆዎቹ መሀል አኖረው፣ ቀስ ብሎ።

“ይቺን ለመጋገር መሬት አምስት ሺ ዓመት ፈጀባት፤
እኔ ወንበሬን አስጠግቼ ባንድ ምሽት ሞቅኋት።
ተው ካላችሁኝ እተዋለሁ፤ ወገቤም ደክሟል።
ግን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ
‘ቆራጩ ማቆም አለበት’ ይላል።
እኔ አለብኝ።
አንቀጽ አራት ላይ እናንተ ‘ትችላላችሁ’።
ወይ ሁላችን አለብን፣ ወይ ሁላችን እንችላለን፤
ባንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሚዛን አታቁሙብን።”

እኛ ዘንድ “በሕግ አምላክ!” የተባለ ሰው
ሯጭ እንኳ ቢሆን እግሩ ይታሰራል፤
ክፍሉ እንደዚያ ቆመ። ዝናቡ ብቻ ይናገራል።

እጅ ተቆጠረ፤ ሰባት ለሰባት።
ሰብሳቢዋ ሶርካ ውኃ ጠየቀችኝ፤ ቀዳሁላት።
ጠጣች፤ አፏን ጠረገች፤ እጇን አነሣች ለ“አለበት”።

ፊንታን አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ወጣ።
እሱ በወጣ በሩብ ሰዓት ሌላ ማሻሻያ መጣ፤
ሁለት ቃል ብቻ፣ “በተቻለ መጠን”፣ ትንሽ ማጣፈጫ።
በበር ያባረሩት “ይችላል”
ልብሱን ለውጦ በመስኮት ገባ፤
ማንም አልተቃወመ፤ ሁሉም ኮቱን ይፈልጋል።
በተቻለ መጠን፤
ማን በቻለው?
ደርቭላ ምንም አላለች። ጻፈችው።

ብርጭቆ ስለቅም ጡቡን ተረስቶ አገኘሁት።
ከየትኛው ቅርጫት ይጣላል? ቅርጫቶቹ አራት ናቸው፤
ለሱ የሚሆን የላቸው።
አሸተትኩት፤ ዝናብና የቆየ ጭስ።

መስኮቱ በወጉ አይገጥምም፣ ነፋስ ይገባል፤
ወረቀቱ ጫፍ ጫፉን እያነሣ ሊበር ያስባል።
ጡቡን ከላዩ ላይ አስቀመጥኩበት፤
መብራቱን አጠፋሁ፤ በሩን መለስኩት።
ቢያንስ እስኪነጋ ድረስ
ረቂቁ አንድ ነገር አለበት።