ማረሚያ

ሂርማታ ገበያ፣ ከልብስ ሰፊው ጓሮ፣
ጋሽ ኪያር ያትማል፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ፤
አራት ገጽ ጋዜጣ፣ ስሟን «አዌቱ» ያላት፣
ክረምት የምትደፈርስ፣ በጋ ወረቀት የሚያጥራት።

«ሹሙ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤
እስከ መጨረሻ ያዳመጠች በቅሎ ናት፣
እሷም ታስራ ነው» ብሎ ጻፈ ከዳሩ።

ጠሩት። «ማረሚያ አውጣ!»
በሳምንቱ ወጣ፦
«በቅሎዋ አልታሰረችም፤
እንቅልፍ ጥሏት ነበር፣ ምንም አልሰማችም።»

ኋላ ሳል ጸናበት። በመጨረሻው እትም፣
ከሽንኩርት ዋጋ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ባለፈው ‹አዘጋጁ ተሽሎታል› ያልነው
ስሕተት ስለሆነ፣ በዚሁ ይታረም።»

ቀብሩ ላይ ሰው ሳቀ፤ ደግሞም አፈረ።
ከልብስ ሰፊው ግድግዳ የጣቱ አሻራ ቀረ።
ቀለም ቀቢ መጥቶ ሊሸፍናት ሲል፣
ሰፊው ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፦
«እሷን እለፋት፤
ማረሚያ አልወጣላትም።»